የማሽኑ ዕዳ

ለመሆኑ አንድ የጥርስ ሐኪም አሮጌውን የራጅ መሣሪያ ጥሎ አዲስ ሲገዛ የሚገዛው ለማን ነው? ጥያቄው የነጋዴ እንጂ የፈላስፋ አይመስልም ይሆናል። እኔ ግን የሙያ ሥነ ምግባር በዚህች ጥያቄ ውስጥ ተጠቅልሎ ይታየኛል።

የአዲሱ ዲጂታል ራጅ ጥቅም አያከራክርም። ፊልም ማጠብ ይቀራል፤ ምስሉ ወዲያው ኮምፒዩተር ላይ ይወጣል፤ ለአንድ ምስል የሚያስፈልገው ጨረርም ያንሳል። በሁለት ጥርሶች መካከል ተሸሽጎ የጀመረ መቦርቦር ዓይን ቢስተው ራጁ ያገኘዋል። ይሁን እንጂ መሣሪያው ወደ ክሊኒኩ የሚገባው ብዙውን ጊዜ ዕዳውን አስከትሎ ነው። ብድሩ ወር ቆጥሮ ይመጣል። ያን ጊዜ «ለማንኛውም አንድ ራጅ እናንሣ» የሚለው ቃል ከሐኪሙ ዕውቀት ይምጣ ወይስ ከሒሳብ መዝገቡ፣ ወንበሩ ላይ አፉን ከፍቶ የተጋደመው ሰው በምን ያውቃል?

ጥንት ዋጋውን የሚከፍሉት ሐኪሞቹ ራሳቸው ነበሩ። ሮንትገን ጨረሩን በ1895 (እ.ኤ.አ.) ካገኘ ጥቂት ሳምንታት በኋላ ጀርመናዊው ኦቶ ቫልክሆፍ የገዛ ጥርሱን ምስል ለማግኘት 25 ደቂቃ ጨረር ፊት ቆየ። የኒው ኦርሊንሱ የጥርስ ሐኪም ኤድመንድ ኬልስ ደግሞ መሣሪያውን በእጁ እየፈተነ ለዓመታት ሠራ። ካንሰር ጣቶቹን፣ ቀጥሎም ክንዱን አሳጣው፤ በ1928 ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። ዛሬ ሐኪሙ ቁልፉን የሚጫነው ራቅ ብሎ ነው። ጨረሩንም ሒሳቡንም የሚቀበለው ታካሚው ነው።

«ታዲያ ሐኪም አይብላ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ይብላ እንጂ! የሥራውን ዋጋ በግልጽ ያስከፍል። የአንድ ጥርስ ራጅ ጨረር ጥቂት መሆኑም እውነት ነው። ጥቂት መሆኑ ግን ያለ ምክንያት ለመስጠት ፈቃድ አይሆንም። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያም ራጅ የሚታዘዘው አፍ ከታየ በኋላ፣ ለዚያ ሰው ሲያስፈልግ እንዲሆን ይመክራል። ታካሚውም «ዶክተር፣ ምን ሊያዩበት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ድፍረት ሊባል አይገባም።

እንግዲህ የሐኪሙ ፈተና መሣሪያውን በገዛ ማግሥት ይጀምራል። አዲሱ ማሽን አጠገቡ ቆሞ፣ ብድሩም እየቆጠረ፣ «ለእርስዎ አያስፈልግዎትም» ማለት ከቻለ መሣሪያው የእርሱ ነው። ካልቻለ ግን እርሱ የመሣሪያው ሆኗል።