አድራሻ የሚሰጠኝ አለ?

አዲስ ኮምፒውተር ኔትወርክ ላይ ሲሰካ መጀመሪያ የሚያደርገው መጠየቅ ነው። ገና አድራሻ የለውም፤ ስለዚህ ራሱን 0.0.0.0 አድርጎ «አድራሻ የሚሰጠኝ አለ?» ብሎ ለሰፈሩ ሁሉ ይጮኻል። ራውተሩ ሰምቶ አንድ ይሰጠዋል። በቃ፣ ገባ።

ኮልቾ ላይ ዴስክቶፕ እንትከል ብንል ሶላሩም ሲም ካርዱም መላ አያጣም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ኮልቾ ከኦሞ ወንዝ በላይ፣ አፋፍ ላይ ያለች የካራዎች መንደር ናት። ሰዎቿ ደግሞ ኢንተርኔቱን ከሞሉት ቆይተዋል እኮ! በነጭ ቀለም የተዥጎረጎረ ፊትና ደረት፣ ከጀርባ ወንዙ። ቱሪስቱ ይመጣል፣ ለፎቶ ጥቂት ብር ይከፍላል፣ ይሄዳል።

«ተስማምቶ ተከፍሎታል፣ ምን ቀረ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ግማሹን እቀበላለሁ። ግን የተሸጠው ምንድነው? ሰውየው የሸጠው ለአፍታ መቆምን ነው፤ ገዢው የወሰደው ግን ያለ ገደብ የሚባዛ ፋይል ነው። ፎቶ ፍለጋ ምን እንደሆነ አይቶ የማያውቅ ሰው፣ በምን ላይ እንደተስማማ በምን ያውቃል? ለዚህ ነው ኮምፒውተሩን ልግስና ነው ማለት የሚከብደኝ። ዕዳ ነው፤ ያውም ዘግይቶ የሚከፈል።

ግልገል ጊቤ ሦስት በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ካራዎች የወንዙ ሙላት ሲሸሽ ዳርቻው ላይ ማሽላ ይዘሩ ነበር፤ ግድቡ ያን ሙላት አስቀረ። ክርክሩ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ፣ ኢንተርኔት ላይ ተካሄደ። ፊታቸው ነበረ፤ እነሱ አልነበሩም።

መገናኘቱም ቢሆን እኩል አያደርግም። የድሮው አድራሻ ሥርዓት የሚይዘው 4.3 ቢሊዮን ያህል ብቻ ስለሆነ፣ የቴሌኮም ድርጅቶች ብዙ ደንበኛ ከአንድ አድራሻ ጀርባ ያሰልፋሉ። ከውስጥ ወጥተህ ታያለህ፤ ከውጭ ግን ማንም በቀጥታ አንኳኩቶ አያገኝህም። የኮልቾ ነገር እስከዛሬ ግልባጩ ነበር፦ ሁሉም ይገባል፣ እሷ አትወጣም። ዴስክቶፑ ሲበራ አንዱ ወጣት የራሱን ፎቶ ያገኝ ይሆናል። ማጥፋት ግን አይችልም፤ የሰው ሰርቨር ላይ፣ በሰው ስም ነው ያለው።

ያም ቢሆን ይተከል ባይ ነኝ። አይቶ መናደድ ሳያዩ ከመሸጥ ይሻላል።

አንድ ነገር ግን አለ። እነሱ ራሳቸውን የሚጠሩት «ካራ» ብለው ነው። አብዛኛው የቱሪስት ፎቶ የተቀመጠው «ካሮ» ተብሎ ነው። ልጁ ራሱን ለማግኘት መጀመሪያ ሌሎች ያወጡለትን ስም መጻፍ አለበት።