አጥር የማታውቀው ንብና የጾም ማዕዳችን



ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ሲገባ ከሥጋውና ከቅቤው ተለይተን ወደ ሽሮው፣ ወደ ዱባ ወጡ፣ ወደ ኑግ ዘይቱ እንመለሳለን። ለመሆኑ ይህን የጾም ማዕድ ማን እንዳዘጋጀልን ጠይቀን እናውቃለን? «ገበሬው ነዋ!» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። ጤፍና ስንዴ ያለ ንብም ያፈራሉ። ኑግ ግን ከሌላ ኑግ ተክል ብናኝ ካልመጣለት በደንብ አያፈራም፤ የምታመጣለትም በአብዛኛው ንብ ናት። ዱባም ወንዴ አበባው ለብቻ፣ ሴቴ አበባው ለብቻ ነው። በመካከላቸው የሚመላለስ ከሌለ ለጋው ዱባ ጣት እንዳከለ ቢጫ ሆኖ ይረግፋል።

እዚህ ሐይቅ አንዲት እናት «ዲያቆን፣ ዱባዬን ቡዳ በላብኝ» አሉኝ። ጓሮአቸውን ባየው አበባው ሞልቷል፤ የሚያርፍበት ንብ ግን የለም። ከአጥሩ ማዶ ያሉት ጎረቤት ጎመናቸውን ክሽክሽ ስለወረረው በጠራራ ፀሐይ «መድኃኒት» ይረጫሉ። (ከመድኃኔ ዓለም ስም ጋር የሚዛመደውን ቃል ለመርዝ መስጠታችን ራሱ ያሳዝናል።) መርዙ ደግሞ ክሽክሹን ለይቶ አይመታም። ክሽክሹን የምትበላውን ባለነጥብ ቀይ ጥንዚዛ፣ አባጨጓሬ የሚያድነውን ተርብ፣ ንቢቱንም አብሮ ይፈጃል። ከዚያ ክሽክሹ ጠላቱ ሞቶለት እንደገና ይፈላል፤ ሰውየውም እንደገና ይረጫሉ።

«ታዲያ በገዛ ጓሮዬ ማን ያገባዋል? ንብ መግደልስ ኃጢአት ነው ወይ?» የሚል አይጠፋም። ወገኔ፣ ንብ መግደል ነፍስ እንደማጥፋት አይቆጠርም። ነገር ግን ጓሮው ያንተ ነው እንጂ ንቢቱ ያንተ አይደለችም። ቀሰም ፍለጋ 3 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ትበራለች። አንተ ጎመን ላይ የረጨኸው ማርን ሸጦ ልጁን የሚያስተምረው የአምባሰል ሰው ቀፎ ውስጥ ይገባል። የሰም ጧፍ ይዘን ቅዳሴ የምንቆመውም ከእርሷ ድካም ነው። ባልንጀራን መጉዳት ደግሞ በአጥር ማዶ ስለሆነ አይቀልም።

እርግጥ የግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት የበረሃ አንበጣ ወሎን ሲወር ከሰማይም ከምድርም ተረጭቷል። ያን ጊዜ የሰው እህል ሊያልቅ ነበርና እኔ አልፈርድም። ይሁን እንጂ በዘዳግም ምዕራፍ 20 ከተማ የከበበ ጦር እንኳ የፍሬ ዛፍ እንዳይቆርጥ ታዝዟል። ጦርነት እንኳ ሁሉን ካልፈቀደ፣ የአንድ መደብ ጎመን ክሽክሽ ምን ሊፈቅድልን ነው? ብዙ ጊዜ የሚያስረጨን ችግር ሳይሆን ችኮላ ነው።

በሳሙና ውኃ ማጠብና አመድ መነስነስ ለጥቂት ክሽክሽ ይበቃል። አረም ማጥፊያውን ቱፎርዲን አጥር ድረስ የሚያደርሱም አሉ፤ መስከረም 21 ወደ ግሸን ስንወጣ ዓይናችን የሚጠግበው አደይ አበባ ለንቢቱ ምግቧ ነውና ዳር ዳሩን ተዉላት። መርጨት የግድ ከሆነም አበባ ባለበት አይሁን፤ ፀሐይ ጠልቃ ንቢቱ ቀፎዋ ስትገባ ይሁን። ባለ ቀፎው ጎረቤትም አንድ ቀን አስቀድሞ ይነገረው፤ ከሰማ ቀፎውን ይከልላል።