መፈረም ማመን ነውን?

በሐዋሳ ከተማ በፒያሳ ዙሪያ ባጃጅ የሚያሽከረክሩ ወጣቶች፣ የትራፊክ ፖሊስ የክስ ወረቀት ጽፎ «ፈርም» ባላቸው ጊዜ ብዙዎቹ ብዕሩን ለመቀበል እጃቸው ይከብዳቸዋል። «ከፈረምሁ አመንሁ ማለት ነው» ይላሉ። ጉዳዩ ትንሽ ይመስላል፤ በውስጡ ያለው ጥያቄ ግን ትንሽ አይደለም። ሰው ባላመነበት ነገር ላይ ስሙን ሊያኖር ይገባዋልን? ለሕግ መታዘዝና ለኅሊና መታመንስ በዚህች ቁራጭ ወረቀት ላይ ይጋጫሉን?

ፍርሃቱን እንደ አላዋቂነት ቆጥረን ልናልፈው አይገባንም። በቋንቋችን «ፈረመ» ማለት ተስማማ፣ ተዋዋለ፣ ዕዳውን ተቀበለ ማለት ሆኖ ኖሯል። በምርመራ ክፍል ተገድደው ባልተናገሩት ቃል ላይ የፈረሙ ሰዎች ታሪክም ከብዙ ቤት አልጠፋም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ላለመናገር መብት እንዳለው፣ ተገድዶም እንዳያምን፣ በአንቀጽ 20 ደግሞ የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛነቱ እስኪረጋገጥ ድረስ ንጹሕ ሆኖ እንዲቆጠርና በራሱ ላይ እንዲመሰክር እንዳይገደድ የደነገገው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሆኖም ወረቀት ሁሉ አንድ አይደለም። የክስ ወረቀት ፍርድ አይደለም፤ ክስ መቅረቡን የሚነግር ነው። ጥፋትን ለማመን ሕጉ ሌላ ስፍራ አዘጋጅቷል። የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በደንብ መተላለፍ የተከሰሰ ሰው እስራት በሌለበት ጉዳይ ጥፋቱን በጽሑፍ ሊያምን እንደሚችል ሲፈቅድ፣ ማመንንና መጥሪያን መቀበልን ለይቶ ነው። በእጄ ደረሰኝ የሚል ፊርማ ስለ መድረሱ ብቻ ይመሰክራል፤ ያም እውነት ነው። እውነት በሆነ ነገር ላይ መፈረም ኅሊናን አያቆስልም።

አባቶቻችን ይህን ነገር በሌላ መልክ ያውቁት ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ የኩታቸውን ጫፍ አቋጥረው በቁራኛ ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር፤ «በሕግ አምላክ» የተባለ ሰውም ይቆም ነበር። ኩታውን ያስቋጠረ ሰው ጥፋቱን አላመነም፤ ከዳኛ ፊት እንደማይሸሽ ብቻ ገለጸ። በአገራችን ፖሊሱ መንጃ ፈቃዱን ይዞ ወረቀቱን ሲሰጥ መንጃ ፈቃዱ የዚያን ቋጠሮ ሥራ ይሠራል። በአሜሪካ በብዙ ግዛቶች ደግሞ ይህን ሥራ የሚሠራው ፊርማው ነው። በካሊፎርኒያ «እቀርባለሁ» ብሎ ለመፈረም እምቢ ያለ ሹፌር ተይዞ ወደ ዳኛ እንዲወሰድ ሕጉ ያዝዛል፤ በፍሎሪዳ እምቢታው ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። በዚያ አገር ታክሲ የሚያሽከረክሩ ወገኖቻችን ብዙ ስለሆኑ ይህ ልዩነት ለእነርሱም ይጠቅማል፤ ከዚህ የተማሩት ፍርሃት እዚያ ለእስር ሊዳርጋቸው ይችላል።

እምቢታው የሚያስከትለውን ነገር አንድ የሲያትል ጉዳይ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2004 የሰባት ወር ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ልጇን ወደ ትምህርት ቤት ስታደርስ ፍጥነት አልፈሻል ተብላ ወረቀት ተጻፈባት። መፈረም ጥፋትን ማመን መስሏት አልፈርምም አለች። የፒያሳ ወጣቶች የሚሉትን ቃል ነው ያለችው። ፖሊሶቹ ከመኪናዋ ለማስወጣት በኤሌክትሪክ መሣሪያ ሦስት ጊዜ ነዘሯት። ባለመፈረሟ ጥፋተኛ ተባለች፤ በ2011 ደግሞ የይግባኝ ፍርድ ቤት የተፈጸመባት ኃይል ከልክ ያለፈ ነበር ብሎ፣ ሕጉ በጊዜው ግልጽ አልነበረም በማለት ፖሊሶቹን ከተጠያቂነት ነፃ አደረጋቸው። እኛ ግን ሁለቱን ስሕተቶች በአንድ ሚዛን አንመዝንም። ሴቲቱ የወረቀቱን ትርጉም ሳተች፤ ፖሊሶቹ የሰውን ክብር ሳቱ። ወረቀቱ የተጻፈው ለትምህርት ቤት ልጆች ደኅንነት ሆኖ ሳለ ስለ ወረቀቱ ሲባል በማሕፀን ያለ ሕፃን አደጋ ላይ ወደቀ።

በእውነት ሊፈረምበት የማይገባ ወረቀት የለምን? አለ። ቅዱስ ቶማስ ሞር እ.ኤ.አ. በ1534 የቀረበለትን መሐላ እምቢ ብሎ በ1535 አንገቱን ለሰይፍ ሰጥቷል። ከእርሱ የተፈለገው ግን መጥሪያ መቀበል አልነበረም፤ ሐሰት ነው ብሎ ያመነበትን ነገር እውነት ነው እንዲል ነበር። የእርሱን እምቢታ በመንገድ ዳር ለሚደረግ ክርክር መዋስ ለሰማዕቱ አይገባውም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ቤተ ክርስቲያን በዛሬው ዓለም ባወጣው ሰነድ ቁጥር 30 ላይ፣ የተሽከርካሪን ፍጥነት የሚወስኑ ሕጎችን የሚንቁ ሰዎች የራሳቸውንና የሌላውን ሕይወት አደጋ ላይ እንደሚጥሉ ገልጿል። የትራፊክ ሕግ ለመንግሥት ካዝና ብቻ የቆመ የሚመስለው ሰው ካለ ይህን ክፍል ቢያነብ መልካም ነው።

በፒያሳ ከእምቢታ ይልቅ የሚበዛው ግን ሌላ ነገር ነው፤ «ወረቀቱ ይቅርና እንጨርስ» የሚለው ልመና። እንዲህ የሚል ሰው በኅሊናው ስም ሊናገር አይችልም። አልፈርምም የሚለው ቢሳሳት እንኳ ነገሩ በግልጽ እንዲታይ ይፈልጋል፤ ብሩን የሚያቀብለው ግን ነገሩ እንዲጠፋ ይፈልጋል። በ2007 ዓ.ም. የወጣው የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881 የሚጠይቀው ጉቦ ተቀባዩን ብቻ ሳይሆን ሰጪውንም ነው። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» የሚለው ሕዝብ ልጅ ጭብጦውን በገዛ እጁ ያለ ፍርድ ሲሰጥ ማየት ያስገርማል።

አንድ ነገር ቀርቶናል። ወረቀቱ የሚጻፍበት ቋንቋ የሹፌሩ ቋንቋ ላይሆን፣ ንባቡም ደካማ ሊሆን ይችላል። ባጃጁ የሌላ ሰው ከሆነ መንጃ ፈቃዱ በተያዘበት ቀን ሁሉ ለባለቤቱ የሚያስገባው ገቢ አይቀርለትም። እንዲህ ያለው ሰው «ምን ይላል?» ብሎ ቢጠይቅ ለመፈረም እምቢ አላለም። ጽፈህ ስጥ የተባለው ፖሊስም በችኮላ «ፈርም» ከማለት ይልቅ ወረቀቱን በሚሰማው ቋንቋ ሊያነብለት ይገባዋል። ያልተስማማበትም ሰው ከስሙ አጠገብ «ደርሶኛል፤ በክሱ ግን አልስማማም» ብሎ ቢጽፍ፣ ሁለቱም እውነት እስከሆኑ ድረስ ፖሊሱ የሚቆጣበት ምክንያት አይታየንም።