ጊዜያዊ ውሃ

«ዛሬ አየሩ መጥፎ ነው» የሚል ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ሲያጋጥመኝ ቀና ብዬ ሰማዩን አያለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ዝናብ ነው። እኔ ያደግኩት ቆቦ ነው፤ ራያ ቆላ። እዚያ አየር መጥፎ የሚባለው ሰማዩ ጥርት ሲል ነው። ሐምሌ ገብቶ፣ ፀሐይ ያለ አንዲት ዳመና ከዞብል ተራራ ጀርባ ብቅ ስትል፣ ሽማግሌዎች እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ወደ ምዕራብ፣ ወደ ግዳን ተራሮች ያያሉ። ከዚያ ዝም ይላሉ። ያ ነው መጥፎ አየር። ዝናብ ከመጣ ግን ጣራ ቢያፈስም፣ ድንኳን ቢጥልም፣ ሙሽራ ቢያበሰብስም «በረከት ነው» ይባላል እንጂ ማንም አፉን ሞልቶ አያማርረውም።

ይህን ያነሳሁት ስለ ጎልፍ ልጽፍ ነው። ታገሱኝ።

በአሮጌው ኤርፖርት በኩል ያለውን ጎልፍ ክለብ አብዛኞቻችን የምናውቀው በአጥሩ ነው። ባለፈው ነሐሴ ግን ከአንድ ሕንፃ መስኮት ላይ ሆኜ ዝናብ ውስጥ ጎልፍ የሚጫወቱ ሰዎች አየሁ። ካፊያ አልነበረም፤ ዶፍ ነበር። አንደኛው ዱላውን በፎጣ ጠርጎ ይቆማል፣ ያነጣጥራል፣ ይመታል፤ ኳሷ የት እንደወደቀች እንኳ አትታይም። ከኋላቸው አንድ ጎረምሳ ቦርሳ ተሸክሞ ይከተላል። ጃንጥላው የተዘረጋው ለቦርሳው እንጂ ለእሱ አልነበረም። ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት ከቆቦ የተደወለልኝ ስልክ «እናንተ ጋ ይዘንባል አሉ፣ እኛ ጋ እምቢ ብሏል» የሚል ነበር። እናም መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው። ንዴት ግን ክርክር አይደለም፤ ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልመረምረው ሞከርኩ። በዝናብ መጫወት፣ ዝናብ እንጀራው ለሆነ ሰው ስድብ ነው ወይ?

ይህ ንዴት በአገራችን የታወቀ መልክ አለው። ጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ወሎ ውስጥ ያነሳው የረሃብ ፊልም በብሪታንያ ቴሌቪዥን ታየ። ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ ደርግ ያንን ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር አሰባጥሮ ለኢትዮጵያ ሕዝብ አሳየ። አንድ ጊዜ ኬክ፣ አንድ ጊዜ የወሎ ሕፃን። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ከዚያ ምሽት የበለጠ ኃይል ያለው የሥነ ምግባር ክርክር በዚህ አገር ተደርጎ አያውቅም ብዬ አምናለሁ፤ የተደረገውም በቃል ሳይሆን በመቀስ ነው። እኔም በመስኮቱ ቆሜ ያደረግኩት ያንኑ ነበር። ጎልፉን ከቆቦ ስልክ ጋር አጣበቅኩት።

ነገር ግን መቀሱ ሁልጊዜ እውነት አይናገርም። የ1967ቱ ቅንብር የሠራው ሁለቱን ምስሎች የሚያያይዝ እውነተኛ ገመድ ስለነበረ ነው። መንግሥት ረሃቡን ያውቅ ነበር፣ ይሸፍነው ነበር፣ እህል ማድረስም የእሱ ግዴታ ነበር። ገመዱ ከሌለ ግን ማንኛውንም ሁለት ምስል አጣብቆ ማንንም ወንጀለኛ ማድረግ ይቻላል። የእኔን ቡና ከአንድ የተራበ ሰው አጠገብ አስቀምጡት፣ እኔም ንጉሥ እሆናለሁ። በዚያ ስሌት ከተሄደ በዓለም ላይ ሰርግ አይደገስም፣ ልጅ ኳስ አይጫወትም። ጎልፈኛው የቆቦን ዳመና አልሰረቀም። ዝናቡ እሱ ባይጫወትም እዚያው ሜዳ ላይ ይወርድ ነበር።

እንግዲህ ንዴቴ ባዶ ነበር ማለት ነው? አይመስለኝም። ቦታውን ግን ስቷል።

በርናርድ ሱትስ የሚባል፣ ካናዳ ውስጥ ያስተምር የነበረ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1978 «ፌንጣው» የሚል መጽሐፍ አሳትሟል። ጨዋታ ምንድን ነው ለሚለው የሰጠው መልስ በአጭሩ ይኼ ነው፤ ሰው በገዛ ፈቃዱ የማያስፈልግ እንቅፋት አበጅቶ እሱን ለማለፍ ሲጥር ይጫወታል። ከምሳሌዎቹ አንዱ ጎልፍ ነው። ዓላማው ኳሷን ቀዳዳ ውስጥ ማስገባት ብቻ ከሆነ በእጅ ይዞ ሄዶ መክተት ይቀላል። ተጫዋቹ ግን ረጅሙን መንገድ የሚመርጠው ያለዚያ ጨዋታው ስለማይኖር ነው። በዚህ ዓይን ካየነው ዝናብ ለጎልፈኛው ተጨማሪ እንቅፋት ነው፤ ሳይጠራው የመጣ ምርቃት። ቦርሳ ተሸካሚው ጎረምሳ ግን እንቅፋቱን አልመረጠም። ለእሱ ዝናቡ ሥራ ነው። በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ዝናብ፣ አንዱ እየተጫወተ ሌላው እየሠራ ነው የሚበሰብሱት።

የመጽሐፉ ጀግና ያ በተረት የምናውቀው፣ በጋውን ሙሉ ሲዘፍን ከርሞ ክረምት ላይ የሚራበው ፌንጣ ነው። ሱትስ ግን ይሟገትለታል። ፌንጣው የጉንዳኖቹን እህል አልበላም ብሎ በረሃብ ሊሞት ሲል፣ መብል ለማግኘት መሥራት ባይኖር ኖሮ ሁላችንም የምንሠራው ነገር ጨዋታ ብቻ ይሆን ነበር ይላል። ደስ የሚል መጽሐፍ ነው፤ ቆቦ ውስጥ ጮክ ብዬ ባላነበው እመርጣለሁ እንጂ። ጥቅምት 2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ ራያ ቆቦ ላይ ሲወርድ ጤፉና ማሽላው ለአጨዳ ደርሶ ነበር። ሰው በጅራፍ፣ በጩኸት፣ በጀሪካን ድብደባ ሊያባርረው ሞከረ። የፌንጣ ዘመድ እዚያ ፈላስፋ አይደለም።

ወደ ጎልፍ ልመለስና ደንቡን አገላብጬ ያገኘኋቸውን ሁለት ነገሮች ልንገራችሁ። አንደኛው፣ ዝናብ በራሱ ጨዋታ ለማቆም ምክንያት አይሆንም። ተጫዋቹ መብረቅ ከፈራ በራሱ ውሳኔ ማቆም ይፈቀድለታል፤ መበስበስ ስለጠላ ግን አይፈቀድለትም። ይህን ሳነብ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለጨዋታው አክብሮት አደረብኝ። ሰማዩ እንደ እኔ ፍላጎት ይሁንልኝ አይልም። ሰማዩ ያመጣውን ተቀብሎ ይቀጥላል።

ሁለተኛው ስለ ውሃ ነው። ዝናብ ዘንቦ ሜዳው ላይ የተኛ ውሃ በደንቡ «ጊዜያዊ ውሃ» ይባላል። (ጤዛ አይቆጠርም፤ እንግሊዞች ለጤዛ ሳይቀር ሕግ አላቸው።) ኳሷ እዚያ ውስጥ ከወደቀች ተጫዋቹ ያለ ምንም ቅጣት አንስቶ ደረቅ ቦታ ላይ ይጥላታል። ውሃው የማንም ጥፋት አይደለም፣ የማንም ንብረትም አይደለም፤ ዘወር ተብሎ የሚታለፍ ነገር ነው።

ጊዜያዊ ውሃ! የራያ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሚያሳድደው እሱን አይደለም እንዴ? ላላያችሁት ልግለጸው። ቆቦ ሜዳ ላይ ናት፤ ዝናቡ በደንብ የሚጥለው ግን ከበላይዋ ባሉት ደጋዎች ነው። ጎሊና፣ ሆርማትና ሌሎቹ ወንዞች ከምዕራብ ይወርዱና ሜዳውን አቋርጠው በምሥራቅ ወደ አፋር ይሄዳሉ። ከወንዞቹ ብዙዎቹ አብዛኛውን ዓመት ሰፊ የአሸዋ መንገድ ናቸው። ተራራው ላይ ዶፍ ሲጥል ግን ቆላው ላይ ጠብ ሳይል በድንገት ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ ቡናማ ጎርፍ እንጨትና ድንጋይ እያንከባለለ ይደርሳል። ገበሬው አስቀድሞ በአሸዋ፣ በድንጋይና በጭራሮ ወንዙን በሰያፍ አጥሮ ይጠብቃል። ጎርፉ ሲመጣ አንገቱን ይዞ እንደሚመልሱት በሬ ወደ ቦዩ ያዞረዋል፣ ከቦዩ ወደ ማሳው። ብዙ ጊዜ ይኼ የሚሆነው በሌሊት ነው፣ በባትሪ መብራት፣ እስከ ወገብ ጭቃ ውስጥ። ጎርፉ ከበረታ የለፉበትን አጥር ጠራርጎት ይሄዳል፤ አንዳንዴም ሰው ይዞ ይሄዳል። ከተሳካ ግን አንድ ሌሊት ማሳውን አጥግቦ ከደጋው የታጠበ ለም አፈር ጥሎለት ያልፋል። ዝናብ በሚያዝያ ካልከዳ የሚዘራው ማሽላ፣ እነ ደጋሊት፣ ረጅም ወራት መሬት ላይ የሚቆም ስለሆነ፣ በመሃል የሚገኝ አንድ የጎርፍ ሌሊት በመብላትና ባለመብላት መካከል ያለው ልዩነት ሊሆን ይችላል። ውሃው ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው ያለው። ዘወር ብለህ ካለፍከው አፋር ደርሷል።

እኛ ልጆች ደግሞ ኳስ የምንጫወተው እዚያው አሸዋ ላይ ነበር፤ ከወንዙ የተሻለ ሜዳ አልነበረንም። ስለዚህ ጨዋታችን የሚቋረጠው በጠራራ ፀሐይ ነው። ግዳን ላይ ሰማዩ ሲጠቁር አንድ ትልቅ ሰው ከዳር ሆኖ ይጮሃል፤ «ውጡ! እናንተ ልጆች ውጡ!» ጎል ሊገባ ሲል እንኳ ቢሆን ይወጣል። አካፋ መያዝ የሚችሉት ወደ ቦዩ ይሮጣሉ፤ ያልደረሱት ትንንሾች ዳር ላይ ቀርተው በጭቃ ይጫወታሉ። በዝናብ ቀን የሚጫወት ማለት እንግዲህ ለጊዜው የማይፈለግ ሰው ነው። ይኼ ስድብ አይደለም። አዲስ አበባ መስኮት ላይ የቆምኩት እኔም ቆቦ ላይ ጎርፍ ሲመጣ ማንም «የት ሄደ?» የማይለኝ ሰው ከሆንኩ ቆይቻለሁ።

የራሳችን የዱላና የኳስ ጨዋታ፣ ገና፣ ይህን ጭቅጭቅ በቀን መቁጠሪያ አምልጦታል። ታኅሣሥ 29 ማሽላው ታጭዷል፣ አውድማው እያለቀ ነው፣ ሜዳው ደርቋል። ሩሯ ስትመታ ዝናብ የሚጠብቅ የለም። በዚያ ቀን ጌታና ሎሌ እኩል መሆናቸው ይወራል፤ እኔ ግን ከዚያ በላይ የሚደንቀኝ ጨዋታው ተራውን መጠበቁ ነው። መጀመሪያ እህሉ ይግባ፣ ከዚያ ዱላ። ጎልፍ በተቃራኒው ሣር ይፈልጋል፣ ሣሩ ዝናብ ይፈልጋል፣ ተጫዋቹ ደግሞ ፀሐይ ይፈልጋል። በዝናብ የሚጫወተው ጎልፈኛ ቢያንስ ይህን ቅራኔ በገዛ ገላው ከፍሎበታል። እኔን የሚከብደኝ ሌላኛው ነው፤ ክለቡ በረንዳ ላይ ተቀምጦ «ምነው በቆመልን» የሚለው።

ምኞት ምን ያደርጋል፣ ሰማዩ አይሰማው ትሉ ይሆናል። ልክ ነው። ምኞት ግን ሥልጣን ቢኖረኝ የማደርገው ነገር ነው። ቆቦ ውስጥ ደግሞ ይህ ሥልጣን ያለው ሰው አለ፤ ማሳው ከላይ በኩል የሆነ ገበሬ። ጎርፉ መጀመሪያ የሚደርሰው እሱ ጋ ነው። የእሱ ማሳ ሲጠግብ አጥሩን ሰብሮ ለታችኛው መልቀቅ አለበት። የውሃ አባት ተሹሞ ሌሊት የሚዞረው ለዚህ ነው፤ ምክንያቱም «ትንሽ ይቆይ፣ እንዲያው ለጥንቃቄ» የሚል ሰው አይጠፋም። ያ ሰው ክፉ አይደለም። እኔ ዘንድ የመጣው ውሃ ለእኔ የመጣ ነው ብሎ ማሰብ ብቻ ነው ያደረገው። በረንዳው ላይ ያለውም ሰው ሐሳብ ይኸው ነው፤ አካፋ የለውም እንጂ። ንጉሡ ዘንድ ደግሞ ያው ሐሳብ ከነአካፋው ነበረ። ለዚህ ነው የ1967ቱ መቀስ ልክ የነበረው፣ የእኔ መቀስ ግን ዝናብ ውስጥ የሚጫወቱትን ሰዎች ሲቆርጥ የሳተው።

ይህን ሁሉ በስልክ ለአጎቴ ላስረዳቸው ሞከርኩ። ፍልስፍናውን ዘለልኩት፤ ስለ ጎልፍ ብቻ ነገርኳቸው፤ ሜዳው፣ ቀዳዳው፣ ዱላው።

«ዝናም ሲጥልስ?» አሉኝ።

«ይቀጥላሉ።»

«ኳሷ ውሃ ውስጥ ብትገባስ?»

«አንስተው ደረቅ ላይ ያደርጓታል፣ ቅጣት የለውም።»

ትንሽ ዝም አሉ። «ውሃውንስ ማን ወሰደው?»

«ማንም። ይፈሳል።»

«ከነሱ በታች የሚያለማ ሰው የለም?»

አለ አልኳቸው። የከተማው ወንዞች ወደ አቃቂ እንደሚወርዱ፣ ወንዙ ዳር ጎመንና ሰላጣ የሚያበቅሉ ሰዎች እንዳሉ ነገርኳቸው። ውሃው ንጹሕ አለመሆኑን አልጨመርኩም።

«ካልገደቡትማ ምናቸው ተነካ» አሉኝ። ከዚያ «አንተ ግን ያን ልጅ፣ ቦርሳ ተሸካሚውን፣ ስንት ይከፍሉታል?» ብለው ጠየቁኝ።