ስለ ድምፅ አደራ

የሰው ድምፅ ከአንደበት ወጥቶ ወዲያው የሚበተን ኃላፊ ነገር ሆኖ ሳለ፣ በመሣሪያ ተይዞ ከባለቤቱ ዕድሜ በላይ የኖረ እንደ ሆነ፣ የቀረው ድምፅ የማን ነው? ጥያቄው የሕግ አዋቂዎች ድርሻ ብቻ ቢመስልም፣ ሥሩ ሲመረመር ሰው ከሞተ በኋላ ክብሩ በማን እጅ ይጠበቃል ከሚለው ከጥንታዊው የሃይማኖት ጥያቄ ጋር አንድ ሆኖ ይገኛል።

አባቶቻችን ዜማን የጠበቁበት ሥርዓት ይህን ችግር አላስነሣም። የቅዱስ ያሬድ ዜማ በግዕዝ፣ በዕዝልና በዓራራይ ተለይቶ፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመንም አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ሠሩት በሚነገርላቸው ምልክቶች ተደግፎ፣ ከመምህር አፍ ወደ ደቀ መዝሙር ጆሮ ሲተላለፍ ኖረ፤ መሪጌታው ያልፋል፣ ድጓው ይቀራል። መቅረጫው መሣሪያ ግን ከዜማው ጋር የዜመኛውን ትንፋሽ፣ የጉሮሮውን ድካም፣ ሳሉን እንኳ ሳይቀር ይይዛልና፣ ዜማን የሚጠብቅ ለሥርዓት እንደሚታመን ሁሉ ድምፅን የሚጠብቅም ለሰውየው ይታመን ዘንድ ግድ ነው።

የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ በነሐሴ 1890 ዓ.ም. ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ መልእክታቸውን በፎኖግራፍ አስቀርጸው ሲልኩ፣ ቃላቸው ከተሰማ በኋላ የተቀረጸበት ሰም እንዲጠፋ ማዘዛቸው፣ ድምፅን በባዕድ እጅ መተው ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ያሳያል፤ የንጉሠ ነገሥቱና የእቴጌይቱ መልስ ግን ተጠብቆ እስከ ዛሬ ይሰማል።

በዘመናችንም፣ ቀድሞ ሀገረ ሕይወት ትባል በነበረችው በአምቦ የተወለደው ዘፋኝ ሃጫሉ ሁንዴሳ፣ ገና በአሥራ ሰባት ዓመቱ ታስሮ አምስት ዓመት ያህል በወህኒ በቆየበት ጊዜ፣ ከተፈታ በኋላ «ሳኚ ሞቲ» በሚል ስም ካወጣው የመጀመሪያ አልበሙ ብዙዎቹን ዘፈኖች እዚያው ደረሰ። ያን ጊዜ ዘፈኑ በራሱ ልብ ብቻ የተጠበቀ ነበር። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተገድሎ በአምቦ ከተቀበረ በኋላ፣ ልክ በዓመቱ «ማል መሊሳ» የተባለው አልበሙ ሲወጣ ግን፣ ድምፁ ሙሉ በሙሉ በሌሎች እጅ ያለ አደራ ሆኖ ነበር። የዚያን አልበም አሠራር ልመረምር አልተነሣሁም፤ መልስ ሊሰጥ የማይችል ድምፅ በእጁ የገባ ሰው ሁሉ የሚሸከመውን ኃላፊነት ማመልከት ነው የምሻው።

ዛሬ በአምቦም ሆነ በጉደር፣ በጊንጪም ሆነ በሆለታ፣ ግድግዳው በብርድ ልብስ በተሸፈነ አንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ማይክራፎንና በአንድ ኮምፒውተር የጓደኛውን ዘፈን የሚቀዳ ወጣት፣ ቃና ማቃናት፣ ትንፋሽ መቁረጥ፣ ከአንዱ ቀረጻ ቃል አንሥቶ በሌላው መተካት ይችላል። ውል የለም፤ ያለው ባልንጀርነት ነው። ባልንጀርነትም «የኔው ሰው ነው፣ ምን ይለኛል?» እያሰኘ ኅሊናን ስለሚያዘናጋ፣ ከባዕድ ዘንድ የማይደፈረው ከወዳጅ ዘንድ ይደፈራል። ለሕዝብ የሚቀርብ ነገር አምሮ መቅረብ አለበት የሚል መከራከሪያ ቢነሣ፣ እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ውበት የባለቤቱን ፈቃድ አይተካም።

እንደ እኔ አስተያየት ድንበሩ ይህ ነው። የባጃጅ ጩኸትና የጄነሬተር ጉርምርምታ ከውጭ የገቡ ናቸውና ቀጂው ሳይጠይቅ ያጥፋቸው። ከዘፋኙ ደረት የወጣውን ግን ዘፋኙ ሳይፈቅድ አይለውጥ። ዘፋኙ ከሞተ ፈቃድ ሰጪ የለምና የተወው እንደ ተወው ይቁም፤ ሌላ ሰው የጨመረበት ቅንብር ካለም ጭማሪው በግልጽ ይነገር። ኦሮሞ ሰፉ ብሎ የሚያከብረው የነውርና የክብር ወሰንም፣ ቤተ ክርስቲያን ስለ ሙታን ክብር የምታስተምረውም፣ በዚህ ረገድ የሚለያዩ አይመስለኝም።

እንግዲህ ድምፅ የምትቀዳ ወንድሜ ሆይ፣ ወዳጅህ በሕይወት ሳለ የትኛው ዘፈን እንዲወጣ፣ የትኛው እንዲስተካከል፣ የትኛውስ እንዲጠፋ እንደሚፈልግ ጠይቀህ ቃሉን በጽሑፍ ያዝ፤ ያልጠየቅኸውን ፈቃድ ከመቃብር በኋላ አታገኘውም።