ሥልጣንን ስለ ማካፈል

ካህኑ ዮቶር በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 18 ሙሴን እንደ መከረው፣ ፍርዱን ሁሉ ለብቻው የሚሸከም አለቃ ራሱንም ሕዝቡንም ያደክማል፤ እኔ ግን ከዚህ አልፌ፣ የአለቃው እጅ ሲሰበሰብ በሌሎች ልቡና ተሰውሮ የኖረው ሀብተ ጥበብ ይገለጥ ይሆንን? ብዬ እጠይቃለሁ።

ለዚህ ምስክር የሚሆነኝ አለ፤ ቢል ጎርና ባለቤቱ ቪቭ በ1958 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ በደላዌር ግዛት፣ በመኖሪያቸው ምድር ቤት ያቋቋሙት ትንሽ ድርጅት፣ አለቃና ምንዝር የሚለውን ልማድ ትቶ ሠራተኞቹን ሁሉ ባልደረባ ብሎ የሚጠራ፣ ማንም ሐሳቡን ለወደደው በቀጥታ እንዲገልጥ የሚፈቅድ ሥርዓት አበጀ። በ1969 ልጃቸው ቦብ ቴፍሎን ከተባለው ፕላስቲክ የተሠራ የጋለ ዘንግ ቀስ ብሎ ሊስበው ቢሞክር እየተበጠሰ ቢያስቸግረው፣ በኃይል በድንገት ጎተተው፤ ጎርቴክስ ለተባለው ጨርቅ መሠረት የሆነው ቁስም በዚህ ተገኘ።

ቦብ የድርጅቱ ባለቤቶች ልጅ መሆኑ ድፍረቱን አቅልሎለት ይሆናል፤ ስለዚህ ለእኔ የሚበልጠው ምስክር፣ ድርጅቱ ካደገ በኋላ የልብ ሕክምና መሣሪያ ይሠራ የነበረ አንድ መሐንዲስ፣ ማንም ሳያዝዘው፣ ለራሱ ምርምር በተተወለት ጊዜ ድምፁ ቶሎ የማይደክም የጊታር ክር ማውጣቱ ነው።