ሰንጢ ስንመርጥ የምንመርጠው ምንድን ነው?

ከዳባት ወደ ደባርቅ፣ ከደባርቅም በሊማሊሞ ቁልቁለት ወደ ቆላ በሚወርድ መንገደኛ ኪስ ሰንጢ ቢገኝ የሚያስደንቅ አይደለም። የጭነት ገመድ ይቆርጥበታል፤ ዱላ ይጠርብበታል፤ ስንቁን ይከፋፍልበታል። ይሁን እንጂ አንድ ወጣት፣ «ራሴን ለመከላከል የትኛው ሰንጢ ይሻለኛል?» ብሎ ቢጠይቀን፣ ነገሩ ስለ ብረት መሆኑ ቀርቶ ስለ ኅሊና ይሆናል።

ፍርሃቱን ልንነቅፍበት አይገባንም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ በዳባት ወረዳ እስከ ጭና ደርሶ ሰላማውያን ሰዎች ሲገደሉ ያየ አገር «አትፍራ» በሚል ቃል ብቻ አይጽናናም። ቤተ ክርስቲያንም ራስን መከላከል ኃጢአት ነው አላለችም፤ እንዲያውም የሌሎችን ሕይወት የመጠበቅ ኃላፊነት ላለበት ሰው ከባድ ግዴታ ሊሆን እንደሚችል በትምህርተ ክርስቶስ ቁጥር 2265 ታስተምራለች። ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ በ13ኛው ምእተ ዓመት እንዳስረዳው፣ አንድ ሥራ የታሰበና ያልታሰበ ሁለት ውጤት ሊኖረው ይችላል። ሕይወቱን ለማዳን የታገለ ሰው አጥቂው ቢሞት እንኳ ያሰበው መዳንን ነው፤ ከሚያስፈልገው በላይ ኃይል ከተጠቀመ ግን ይበደላል። የ1996 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 78፣ ጥቃቱ ሕገ ወጥና የማይቀር፣ በሌላ መንገድም ሊወገድ የማይችል፣ መከላከያውም ተመጣጣኝ እንዲሆን ይጠይቃል።

እንግዲህ ፈተናው የሚጀምረው በጥቃቱ ሰዓት ሳይሆን አስቀድሞ፣ በሱቁ ደጃፍ ነው። ለሥራ የሚመርጥ ሰው ስለቱ እንዳይዶለዱም፣ እጀታው ለእጅ እንዲመች፣ ሲከፈትም ጸንቶ እንዲቆም ያያል። ሰውን አስቦ የሚመርጥ ግን የጫፉን ሹልነትና የስለቱን ርዝመት ይመዝናል፤ ገና ያላገኘውን ሰው ገላ በሐሳቡ መለካት ጀምሯል። ያልታሰበ ይባል የነበረው ውጤት በዚያች ሰዓት የታሰበ ወደ መሆን ይጠጋል።

ደግሞም ታጣፊ ሰንጢ ደካማ ጠባቂ ነው። በድንጋጤ የሚንቀጠቀጥ ጣት ቶሎ አይከፍተውም፤ መቆለፊያ ከሌለውም ሲወጉበት ተመልሶ የባለቤቱን ጣት ሊቆርጥ ይችላል። ከሁሉ የከፋው ግን፣ በጠላ ቤት ተነሥቶ በጥፊ ያበቃ የነበረ ጠብ፣ ሰንጢ ከተገኘበት በሬሳ ማብቃቱ ነው፤ ከዚያም ደም መመለስ ይከተላል፤ የሁለት ቤተ ዘመድ ልጆችም ያልጀመሩትን ጠብ ይወርሳሉ። ጴጥሮስ እንኳ በጌቴሴማኒ ሰይፍ የመዘዘው ለጌታው ፍቅር ብሎ ነበር፤ ያገኘው ግን የአንድ አገልጋይ ጆሮ ነው፤ ጌታም ሰይፉን ወደ ሰገባው እንዲመልስ አዘዘው።

ስለዚህ መምህሩ ለወጣቱ እንዲህ ይበለው፦ ልጄ፣ ሰንጢህን ለገመድህና ለስንቅህ ምረጥ። ለመንገድህ ጓደኛ ፈልግ፤ ሳይመሽብህ ግባ፤ የተቀየመህ ካለ ሽማግሌ ላክበት። ጥቃት ቢደርስብህ ሕይወትህን መጠበቅ መብትህ ነው፤ ጠላትህን ግን በኪስህ ይዘኸው አትዙር።